ለፈረስ የትኛው ይሻላል? በመኖ፣ በመኖሪያ፣ በሰኮና፣ በኮርቻና በእርባታ ላይ የሚነሡ ምርጫዎች ንጽጽር

ፈረስ የሚይዙ ሰዎች ባለሙያ ባገኙ ጊዜ የሚያነሷቸው ጥያቄዎች በአብዛኛው በሁለት ነገሮች መካከል የመምረጥ ጥያቄዎች ናቸው። ድርቆሽ ይሻላል ወይስ እህል? ጋጣ ወይስ መስክ? ብረት ጫማ ማስመታት ወይስ ሰኮናውን እንዳለ መተው? ለሁሉም ፈረስ የሚሠራ አንድ መልስ የለም፤ ይሁን እንጂ መልሱን የሚወስኑት ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ እነርሱም የፈረሱ ክብደት፣ ዕድሜው፣ የሚሠራው ሥራ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አካሉ የተሠራበት መንገድ ናቸው። እዚህ አንዱን አማራጭ ከሌላው የማስበልጠው በዚህ ሚዛን ነው።

ክብደት፦ በዓይን መገመት ወይስ መለካት?

የመኖው መጠን፣ የመድኃኒቱ መጠንና ፈረሱ ሊሸከመው የሚገባው ጭነት ሁሉም የሚሰሉት ከክብደቱ ስለሆነ ምርጫው ከዚህ ይጀምራል። የዓይን ግምት፣ ልምድ ያለው ሰው እንኳ ቢገምት፣ ብዙ ጊዜ ይስታል፤ የሚስተውም በአብዛኛው ወደ ማሳነስ ነው። የእንስሳት ሚዛን በሌለበት የልብስ ሰፊ ሜትር በቂ ነው። ከፊት እግሮቹ ጀርባ ደረቱን ዙሪያውን በሴንቲ ሜትር ለክቶ ቁጥሩን በራሱ ማባዛት፣ የተገኘውን ከትከሻው ጫፍ እስከ ቂጡ ጫፍ ባለው ርዝመት ማባዛት፣ በመጨረሻም ለ11,900 ማካፈል ነው። ደረቱ 160፣ ርዝመቱ 145 ሴንቲ ሜትር የሆነ አዋቂ ፈረስ 310 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል ማለት ነው። ይህ ስሌት ለውርንጭላና እርግዝናዋ ለገፋ ባዝራ አይሠራም፤ ለቀሩት ግን ከዓይን ግምት እጅግ የተሻለ ነው። በየወሩ ተለክቶ ቢመዘገብ ደግሞ ዓይን የማያስተውለውን ቀስ በቀስ የሚመጣ መክሳትና መወፈር ያሳያል።

ድርቆሽ ወይስ እህል?

በፈረስ አያያዝ ውስጥ ብዙ ጉዳት የሚደርሰው በዚህ ምርጫ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ አየዋለሁ። የአዋቂ ፈረስ ጨጓራ የሚይዘው ከ8 እስከ 15 ሊትር ብቻ ሲሆን፣ አሲድ የሚያመነጨውም ምግብ ሲገባ ብቻ ሳይሆን ሌሊትና ቀን ያለ ማቋረጥ ነው። አሲዱን የሚያለዝበው ምራቅ ግን የሚፈሰው ፈረሱ ሲያኝክ ብቻ ነው። ስለዚህ ለረጅም ሰዓት አፉ ባዶ የሆነ ፈረስ የጨጓራ ግድግዳው በአሲድ ይቆስላል። ድርቆሽና ሣር ረጅም ሰዓት የሚታኘኩ፣ ከዚያም በትልቁ አንጀት ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ተሕዋስያን ቀስ ብለው የሚብላሉ ናቸው። እህል በአንጻሩ ቶሎ ያልቃል፤ በውስጡ ያለው ስታርች የሚባለው ጉልበት ሰጪ ንጥረ ነገር በትንሹ አንጀት ውስጥ መፈጨት ሲገባው፣ መጠኑ ከበዛ ሳይፈጭ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል፤ እዚያም በፍጥነት ቦክቶ አሲድ ይፈጥራል። ውጤቱ የሆድ ቁርጠት ወይም ላሚናይተስ የሚባለው የሰኮና ውስጥ ብግነት ሊሆን ይችላል። ፈረስ ማስታወክ ስለማይችል በስሕተት የበላውን ብዙ እህል የሚያስወግድበት ሌላ በር የለውም።

በዚህ ምክንያት መሠረቱ ድርቆሽ ወይም ሣር ይሁን፤ እህል የሚጨመረው ጉድለት ሲታይ ብቻ ነው። ዝቅተኛው የመኖ መጠን በየቀኑ ከክብደቱ 1.5 በመቶ የሚሆን ደረቅ መኖ ነው፤ በቂ የሚባለው ደግሞ ወደ 2 በመቶ ይጠጋል። ድርቆሽ ጥቂት እርጥበት ስለሚኖረው፣ ከላይ ለጠቀስነው የ310 ኪሎ ፈረስ በቀን 7 ኪሎ ገደማ ድርቆሽ ይደርሰዋል። በዚህ ላይ የማይሠራ ወይም ቀላል ሥራ ብቻ የሚሠራ ጤናማ ፈረስ እህል አያስፈልገውም፤ ጨውና እንደ ሁኔታው የማዕድን ድብልቅ ይበቃዋል። እህል የሚገባቸው ከባድ ሥራ የሚሠራው፣ የምታጠባዋ ባዝራና ጥርሱ ያለቀበት ከሲታ ሽማግሌ ፈረስ ናቸው።

እህል መስጠት ካስፈለገ ደግሞ በእህሎቹ መካከልም ልዩነት አለ። አጃ ገለፈቱን ይዞ ስለሚበላና ስታርቹ በቀላሉ ስለሚፈጭ ከሁሉም ይመረጣል። ገብስና በቆሎ ካልተፈረከሱ ወይም ካልተቀቀሉ ብዙው ስታርች ሳይፈጭ ያልፋል፤ በቆሎ በተጨማሪ ከአጃ ስለሚከብድ በጣሳ እየሰፈሩ አንዱን በሌላው መተካት ሳይታሰብ መጠኑን ከፍ ያደርገዋል። ሚዛን እንጂ ጣሳ አይታመንም። ለ500 ኪሎ ፈረስ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው እህል ከ2 ኪሎ እንዳይበልጥ ይመከራል፤ ለ310 ኪሎው ፈረስ ከ1 ኪሎ ብዙም አይለፍ። ፉርሽካ ለስላሳና የሚወደድ መኖ ቢሆንም ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ግን ጥቂት ነው፤ ለረጅም ጊዜ በብዛት ከተሰጠ ፈረሱ ካልሲየሙን ከአጥንቱ እየወሰደ ይጠቀማል፤ የፊቱ አጥንቶችም ያብጣሉ። ክብደት መጨመር ብቻ ከተፈለገ ከእህል ይልቅ በጥቂቱ እየተጀመረ የሚጨመር የምግብ ዘይት ስታርች ሳያበዛ ጉልበት ይሰጣል።

ከሣር ድርቆሽና አልፋልፋ ከሚባለው የመኖ ተክል የትኛው? አልፋልፋ በፕሮቲንና በካልሲየም የበለጸገ ስለሆነ ለምታጠባ ባዝራ፣ ለሚያድግ ውርንጭላና ለከሳ ፈረስ ይበልጣል፤ ካልሲየሙም የጨጓራን አሲድ በማለዘብ ይረዳል። በቀላሉ ለሚወፍር ፈረስ ግን ከልክ ያለፈ ነው። ለብዙዎቹ ፈረሶች ዋናው የሣር ድርቆሽ ሆኖ ጥቂት አልፋልፋ ቢደባለቅበት ደስ ይለኛል።

የትኛውም ድርቆሽ ይሁን፣ ከመግዛት በፊት አንዱን እስር ፈትቶ ከመሐሉ እፍኝ ማውጣትና በብርሃን ፊት ማራገፍ ያስፈልጋል። ጥሩ ድርቆሽ ሲራገፍ ጥቂት ቅጠል ይረግፍለታል፤ ሽታውም የሣር ሽታ ነው። ነጭ ወይም ግራጫ ብናኝ እንደ ጭስ ከተነሣና የምድር ቤት ሽታ ከሸተተ ሻግቷል፤ ለማንም ፈረስ አይሰጥ። ጥቂት አቧራ ብቻ ላለው ድርቆሽ ግማሽ ሰዓት ያህል ውኃ ውስጥ መንከር ለሚያስለው ፈረስ ትልቅ እፎይታ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ ሳልጠቅስ አላልፍም፦ ለከብት ወይም ለዶሮ የተዘጋጀ የፋብሪካ መኖ ለፈረስ ፈጽሞ አይሰጥ። ሞኔንሲን የሚባል መድኃኒት ሊኖርበት ይችላል፤ ይህም ለከብት የታሰበው መጠን እንኳ የፈረስን የልብ ጡንቻ ጎድቶ ይገድላል።

መኖ ሲቀየር ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ አሮጌውን እየቀነሱ አዲሱን መጨመር ያስፈልጋል፤ በአንጀት ውስጥ ያሉት ተሕዋስያን ለአዲሱ መኖ እስኪዘጋጁ ጊዜ ይፈልጋሉ።

ጋጣ ወይስ መስክ?

ፈረስ በቀን ብዙ ሰዓት እየተራመደ የሚግጥ የመንጋ እንስሳ ነው። ጓደኛ ያለበት መስክ አንጀቱ እንዲንቀሳቀስ፣ መገጣጠሚያዎቹ እንዳይደርቁ፣ ሳንባውም ከአቧራ እንዲርቅ ያደርጋል፤ ብቻውን በጋጣ የሚውል ፈረስ ደግሞ እንጨት መንከስና እየተወዛወዘ መቆም ይለምዳል። ስለዚህ ሌላ ምክንያት ከሌለ መስክን እመርጣለሁ፤ ከዝናብ፣ ከነፋስና ከፀሐይ የሚያስጠልል፣ አንድ ወገኑ ክፍት የሆነ ዳስ ካለበት የብዙ ፈረሶች ፍላጎት ይሟላል።

ከመስክ ለማስቀረት ምክንያት የሚሆኑት ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ሕመምና ጉዳት ነው። ሁለተኛው ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ለምለም ሣር ነው። የወፈረ፣ አንገቱ ላይ ጠንካራ ስብ ያበቀለ ወይም ከዚህ በፊት ላሚናይተስ የያዘው ፈረስ ስኳር በበዛበት አዲስ ሣር ላይ መለቀቅ የለበትም። ለእርሱ የሚሻለው ሣር የሌለበት አጥር ግቢ ሲሆን፣ ድርቆሹ እየተመዘነ ይቀርብለታል፤ እንቅስቃሴውንም አያጣም።

ጋጣ የግድ ከሆነ ለመካከለኛ ፈረስ 3.6 በ3.6 ሜትር የሚሆን ስፋትና ጥሩ አየር ያስፈልገዋል። የአየሩን ደኅንነት ቆሞ ማሽተት አያሳይም፤ ከሽንት የሚወጣው አሞኒያ ከመሬቱ አጠገብ ስለሚበረታ፣ የተኛ ፈረስ አፍንጫ በሚሆንበት ከፍታ ተንበርክኮ ማሽተት ይገባል። በዚያ ከፍታ ዓይን የሚቆጠቁጥ ከሆነ መኝታው አልተጠረገም ማለት ነው። ለመኝታ ጭድ ርካሽና ሞቃት ነው፤ የእንጨት ፍቅፋቂ ደግሞ እርጥበት በተሻለ ይመጥጣል፤ ጭዱን ለሚበላ ፈረስም ይመረጣል። ከጥቁር ዋልነት ዛፍ የተገኘ ፍቅፋቂ ግን ላሚናይተስ ስለሚያመጣ ከየትኛው ዛፍ እንደመጣ መጠየቅ አይቀርም።

ብረት ጫማ ወይስ ባዶ ሰኮና?

የሰኮና ግድግዳ በወር ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ያድጋል፤ የፊተኛው ጫፍ ሙሉ በሙሉ ለመታደስ ወደ አንድ ዓመት ይፈጅበታል። ጥያቄው እንግዲህ እድገቱ ከመበላቱ ጋር ይመጣጠናል ወይ የሚል ነው። ለስላሳ መሬት ላይ መጠነኛ ሥራ የሚሠራ፣ ግድግዳው ወፍራም የሆነ ፈረስ ያለ ጫማ በጥሩ ሁኔታ ይኖራል፤ ሰኮናው መሬት ሲረግጥ በነፃነት ይሰፋል፣ ግድግዳውም በምስማር አይሰነጠቅም። ድንጋያማ መንገድ ላይ በየቀኑ ረጅም ርቀት የሚሄድ፣ ጭነት የሚስብ ወይም ግድግዳው በተፈጥሮው ቀጭን የሆነ ፈረስ ግን ከሚያድገው በላይ ስለሚበላበት ጫማ ያስፈልገዋል። በሁለቱ መካከል ለጉዞ ብቻ የሚጠለቅና የሚወልቅ የጎማ ጫማ አለ፤ አልፎ አልፎ ብቻ አስቸጋሪ መንገድ ለሚሄድ ፈረስ የምመክረው እርሱን ነው። ሆኖም በልክ ካልተመረጠ ተረከዙን ይልጣል።

ምርጫው የትኛውም ቢሆን የሰኮና ባለሙያው ጉብኝት አይቀርም፤ በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ መሆን አለበት። ጫማ የተመታለት ፈረስ ሰኮናው በመሬት ስለማይበላ ቢዘገይ ጫፉ ይረዝማል፤ ጅማቱም ከልክ በላይ ይወጠራል። ለዓመታት ጫማ ያደረገን ፈረስ ወደ ባዶ ሰኮና መመለስ የወራት ሥራ ነው፤ በእነዚያ ወራት ጠጠር ላይ ማስሮጥ ጭካኔ ነው።

በየቀኑ ሰኮናውን ሲያጸዱ ከሰኮናው በላይ ባለው አንጓ በስተኋላ፣ በግራና በቀኝ ሁለት ጣት ማሳረፍ መልካም ልማድ ነው። በጤናማ ፈረስ እዚያ ያለው የደም ሥር ምት እጅግ ደካማ ነው፤ ለማግኘትም ያስቸግራል። አንድ ቀን ምቱ ጎልቶ ከተሰማ፣ ሰኮናው ከሞቀና ፈረሱ የፊት እግሮቹን ወደፊት ዘርግቶ ክብደቱን ወደ ኋላ ከጣለ ላሚናይተስ ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙ እስኪደርስ እንዳይራመድ ማድረግና ሰኮናውን በበረዶ ውኃ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል።

የትል መድኃኒት፦ በየጊዜው መስጠት ወይስ መርምሮ መስጠት?

ለረጅም ዘመን የተለመደው በየ2 ወሩ ለሁሉም ፈረስ መድኃኒት መስጠት ነበር። ይህ ልማድ መድኃኒቱን የለመዱ ትሎችን አብዝቷል፤ ቤንዚሚዳዞል የተባሉት መድኃኒቶች በብዙ ቦታ በትንንሾቹ የአንጀት ትሎች ላይ አይሠሩም፤ በውርንጭሎች ላይ የሚገኘው ትልቁ ወስፋት ደግሞ አይቨርሜክቲንን እየተቋቋመ ነው። በሌላ በኩል ከአዋቂ ፈረሶች 20 በመቶ የሚሆኑት 80 በመቶ የሚሆነውን የትል እንቁላል እንደሚያወጡ ታውቋል። ስለዚህ ለአዋቂ ፈረሶች የፋንድያ ምርመራ አስደርጎ ብዙ እንቁላል የሚያወጡትን ለይቶ ማከም ይበልጣል፤ ጥቂት የሚያወጡት በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ቢያገኙ ይበቃቸዋል። ውርንጭሎችና ወጣት ፈረሶች ግን በዚህ ሥርዓት አይመሩም፤ ለእነርሱ ሐኪሙ የሚያወጣው የጊዜ ሰሌዳ ያስፈልጋል። ፋንድያን ከመስኩ በሳምንት ሁለት ጊዜ ማንሣት ከማንኛውም መድኃኒት ያላነሰ ይጠቅማል።

ኮርቻ

ሰዎች ኮርቻ ሲመርጡ ከቆዳና ከሰው ሠራሽ ጨርቅ የትኛው ይሻላል ብለው ይጀምራሉ። ይህ ከጥያቄዎቹ ሁሉ ትንሹ ነው። ቆዳ ከተያዘ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፣ ይጠገናልም፤ ሰው ሠራሹ ይቀላል፣ በውኃ ይታጠባል፣ ዋጋውም ያንሳል። ሁለቱም በልክ ከሆኑ ለፈረሱ ልዩነት የላቸውም።

ትልቁ ምርጫ ውስጡ አጽም፣ ማለትም ቅርጹን የሚይዝ ጠንካራ መዋቅር፣ ባለውና በሌለው ኮርቻ መካከል ያለው ነው። አጽም ያለው ኮርቻ የተሳፋሪውን ክብደት በሰፊ ቦታ ያከፋፍላል፤ አከርካሪውንም ነፃ ያደርጋል፤ ነገር ግን ልኩ ካልሆነ የሚጎዳው በዚያው ጠንካራነቱ ነው። አጽም የሌለው ቅርጹ ለሚለዋወጥና የተለመደ ኮርቻ ለማይገጥመው ጀርባ ይመቻል፤ ሆኖም ክብደቱ በተቀመጡበት ቦታና በእርካቡ ማንጠልጠያ ሥር ስለሚሰበሰብ ለከባድ ሰውና ለረጅም ሰዓት አይሆንም። እኔ ለዘወትር ግልቢያ በልክ የሆነ አጽም ያለውን እመርጣለሁ።

ልኩን ለማየት ኮርቻውን ያለ ምንም ጨርቅ ጀርባው ላይ ማኖር ነው። ሰው ተቀምጦበት ሳለ ከትከሻው ጉብታ በላይ ሁለት ወይም ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት መቅረት አለበት፤ በአከርካሪው ላይ የሚያልፈው ቦይ ከፊት እስከ ኋላ ምንም መንካት የለበትም፤ የትከሻው አጥንት ወደ ኋላ ሲሄድ ኮርቻው ሊገታው አይገባም፤ የኮርቻው መደገፊያም ከመጨረሻው፣ ማለትም ከ18ኛው የጎድን አጥንት አይለፍ። ከዚያም ግማሽ ሰዓት ያህል ከሶምሶማ ጋር ጋልቦ ኮርቻውን ማውረድና ላቡን ማየት ነው። ከሁለቱ ወገን እኩል የረጠበ ጀርባ መልካም ነው፤ በላብ መሐል መዳፍ የሚያህል ደረቅ ቦታ ከታየ ግን እዚያ ላይ ግፊቱ በርትቶ የላብ ዕጢዎቹን አፍኗል። ለሳምንታት ችላ ከተባለ በዚያ ቦታ ነጭ ጠጉር ይበቅላል። ጠባብ ኮርቻን ወፍራም ጨርቅ አንጥፎ ለማስተካከል መሞከር ጠባብ ጫማ ላይ ተጨማሪ ካልሲ እንደ ማድረግ ነው።

ልኩ የሆነ ኮርቻም ቢሆን ከልክ ያለፈ ክብደት አያድንም። የተለመደው መመዘኛ ተሳፋሪውና ዕቃው በአንድነት ከፈረሱ ክብደት 20 በመቶ እንዳይበልጡ ነው፤ ለ310 ኪሎው ፈረስ ይህ ኮርቻውን ጨምሮ 62 ኪሎ ብቻ ነው። ከባድ ሰው ይህን ፈረስ ከመጋለብ ይልቅ ትልቅ ፈረስ ቢፈልግ ይሻላል። እርካቡም ከጫማው 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል የሰፋ ይሁን፤ በውድቀት ጊዜ እግር የሚያዘው በጠባብ እርካብ ነው።

ልጓም

ቀላሉ ልጓም፣ ማለትም ዛቡ ከአፍ ጎን ካለ ቀለበት ጋር በቀጥታ የሚያያዝበት፣ እጅ የሳበውን ያህል ብቻ ያደርሳል። ባለ ዘንጉ ልጓም ግን በመንሻ ኃይል ይሠራል፤ ከአፉ በታች ያለው ዘንግ ከላይኛው ሦስት እጥፍ ቢረዝም የእጅ ጉልበት እንዲሁ በብዙ እጥፍ ተባዝቶ መንጋጋና አገጭ ላይ ያርፋል። ባለ ዘንጉ ለሠለጠነ ፈረስና እጁ ለረጋ ሰው በትንሽ ምልክት ለመግባባት ይጠቅማል፤ የሚጎትት ፈረስን ለመግታት መምረጥ ግን ስሕተት ነው። ብረት የሌለው ልጓም አፉ ለቆሰለ ወይም ጥርስ ለሚያወጣ ወጣት ፈረስ መልካም ነው፤ እርሱም ቢሆን ዘንግ ካለው አፍንጫን በብርቱ ይጫናል፤ ዝቅ ብሎ ከታሰረም ቀጭኑን የአፍንጫ አጥንት ጫፍ ይጎዳል።

ፈረሱ ራሱን የሚያወናጭፍ፣ አፉን የሚከፍት ወይም ዛብ ሲሳብ የሚሸሽ ከሆነ ልጓም ከመቀየር በፊት ጥርሱን በሐኪም ማሳየት ይቀድማል። የፈረስ መንጋጋ ጥርሶች እድሜውን ሙሉ ስለሚወጡ ጫፎቻቸው ይሾላሉ፤ ጉንጭና ምላስን ይወጋሉ። ምርመራው በዓመት አንድ ጊዜ ያስፈልጋል።

እርባታ፦ በተፈጥሮ ማጥቃት ወይስ ሰው ሠራሽ ማዳቀል?

ለማራባት ዕቅድ ለሌለው ሰው ድንጉላ መያዝ ለፈረሱም ለሰውም ይከብዳል፤ የተኮላሸ ፈረስ ከሌሎች ጋር በመስክ መኖር ይችላል፤ ብዙውን ጊዜም ገር ይሆናል።

ባዝራ በየ21 ቀን ገደማ ዑደት ድራት ላይ፣ ማለትም ድንጉላ በምትፈልግበት ጊዜ ላይ፣ ትሆናለች፤ ድራቱም ከ5 እስከ 7 ቀን ይቆያል፤ እንቁላሏን የምትለቀው በመጨረሻዎቹ አንድ ወይም ሁለት ቀናት ነው። በተፈጥሮ ማጥቃት ቀላልና ጥቂት መሣሪያ የሚፈልግ ነው፤ ጉድለቱ የእርግጫ አደጋና የአባለ ዘር በሽታ መተላለፍ ነው። በሰው ሠራሽ ማዳቀል ደግሞ የቀዘቀዘ ዘር ሩቅ ካለ ድንጉላ ለመጠቀም ያስችላል፤ የቀዘቀዘው ከ24 እስከ 48 ሰዓት ያህል ይቆያል። በረዶ ያደረገው ዘር ለዓመታት ይቀመጣል፤ ነገር ግን ከቀለጠ በኋላ ዕድሜው አጭር ስለሆነ እንቁላሉ ከመለቀቁ በፊት ባሉት 12 ወይም ከተለቀቀ በኋላ ባሉት 6 ሰዓታት ውስጥ መግባት አለበት፤ ይህም ተደጋጋሚ የአልትራሳውንድ ምርመራ ይጠይቃል። ቶሮብሬድ የሚባለው የእሽቅድምድም ፈረስ ዝርያ የመዝገብ ደንብ ደግሞ በተፈጥሮ ማጥቃት የተገኘን ውርንጭላ ብቻ ይቀበላል። ሐኪም በቀላሉ በማይገኝበት ሁኔታ በረዶውን ዘር አልመክርም።

መንገዱ የትኛውም ይሁን፣ ከ14 እስከ 16ኛው ቀን ባለው ጊዜ በአልትራሳውንድ ማየት መንታ መኖር አለመኖሩን ያሳያል፤ መንታ በባዝራ ላይ ብዙ ጊዜ በውርጃ የሚያበቃ ስለሆነ ሐኪሙ በዚያ ጊዜ አንዱን ያስወግዳል። እርግዝናው በአማካይ 340 ቀን ይፈጃል። ከወለደች በኋላ ውርንጭላው በ1 ሰዓት ውስጥ መቆም፣ በ2 ሰዓት ውስጥ መጥባት፣ የእንግዴ ልጁም በ3 ሰዓት ውስጥ መውጣት አለበት፤ ከእነዚህ አንዱ ካለፈ ሐኪም ይጠራል። እንገሩ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ካልደረሰው የበሽታ መከላከያውን ከሌላ ስፍራ አያገኝም፤ ከ24 ሰዓት በኋላ አንጀቱ አይቀበለውም።

የመጨረሻው ምርጫ ባዝራዋን መቼ ዳግመኛ ማስጠቃት ነው። ከወለደች ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ድራት ይመጣባታል። በየዓመቱ ውርንጭላ የሚፈልግ ሰው ይህንን ድራት ይጠቀማል፤ ምክንያቱም እርግዝናው 11 ወር ስለሆነ በዓመቱ ዑደት ለመቆየት ከወለደች በ25 ቀን ገደማ መፀነስ አለባት። ሆኖም ወሊዱ ከባድ ከነበረ፣ የእንግዴ ልጁ ከዘገየ ወይም ባዝራዋ ከከሳች ማኅፀኗ አላገገመም፤ የመፀነስ ዕድሏም ያንሳል። በዚያ ጊዜ በወሩ የሚመጣውን ሁለተኛ ድራት መጠበቅ፣ ካስፈለገም ዓመቱን ሙሉ ማሳረፍ የተሻለው ነው።